ሙዚቃን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከመምህራንና ከወላጆች ደጋግመው የሚመጡልኝ ናቸው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ ለብቻው አይሰጥም፤ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚባለው ትምህርት ውስጥ ከሥዕል፣ ከቴአትርና ከውዝዋዜ ጋር ተጠቃልሏል። በዚህ ምክንያት ክፍለ ጊዜው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሙዚቃ ተምሮ ለማያውቅ መምህር ነው። መልሶቹን የጻፍኩትም ያንን መምህር እያሰብኩ ነው።

ኖታ አላነብም፣ መሣሪያም አልጫወትም። ሙዚቃ ላስተምር እችላለሁ?

ይችላሉ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚፈልገው አንድን ዜማ ሳያዛንፍ የሚደግም፣ ምት የሚጠብቅና ልጆቹ ሲዘምሩ ጆሮውን የሚሰጥ መምህር ነው። ይህን ያህል ደግሞ መዝሙር ሲሰማ ያደገውም፣ መንዙማ ሲሰማ ያደገውም፣ ሰርግ ላይ ሲያጨበጭብ ያደገውም አለው። ቀሪው በልምምድ ይመጣል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ሙዚቃ ማለት...» ብሎ ትርጉም ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ዜማ ሳይሰማ! ልጁ የክራርን ክፍሎች በቃሉ ይዞ ዐሥር ከዐሥር ያገኛል፤ ክራር ሲመታ ግን አጠገቡ ሆኖ ሰምቶ አያውቅም። ይህን ሳይ ያመኛል። እኔ የምከተለው ደንብ ድምፁ ይቅደም፣ ስሙ ይከተል የሚል ነው። ልጁ መጀመሪያ ያደርገዋል፤ ደጋግሞ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ «አሁን በእግራችሁ ስትጠብቁት የነበረው ነገር ምት ይባላል» ይባላል። ደብተር የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ባይወጣም ችግር የለውም።

የዓመቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በምን ልጀምር?

ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ላይ መሆኑ ለሙዚቃ መምህር ትልቅ ዕድል ነው። ወንዶቹ ነሐሴ ላይ ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ከርመዋል፤ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ «አበባዬሆሽ» ሲሉ ውለዋል። በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል የተጫወቱ ልጃገረዶች ዜማው ገና ከአፋቸው አልወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠይቋቸው፦ «በክረምቱ ምን ዘመራችሁ? እስኪ አሰሙኝ።» ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ማን ዜማውን ይዞ እንደሚሄድ፣ ማን ምቱን እንደሚቀድም፣ ማን አፍሮ ከኋላ እንደሚደበቅ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ያውቃሉ።

ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ጨዋታዎች አቀንቃኝና ተቀባይ አላቸው። በአበባዬሆሽ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ «ለምለም» ይላሉ፤ በሆያ ሆዬ አንዱ ግጥም ሲያዥጎደጉድ ሌላው «ሆ» ይላል። የአገራችን ሙዚቃ ትልቁ ትምህርት እዚህ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም ማንም ሳያስተምራቸው ይዘውት መጥተዋል።

በዓሉን የማያከብሩ ቤተሰቦች ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ የሁሉም የሆነውን የሰፈር ጨዋታ ይውሰዱ። እኔ በድብብቆሽ ነው የምጀምረው። አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ «አልነጋም!» ይመልሳል። ቀጥሎ በሹክሹክታ ይመልሱለታል። ቀጥሎ ሩቅ ተራራ ላይ እንዳሉ ሆነው። ቀጥሎ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው በጣም ጎተት አድርገው። ቀጥሎ እየሮጡ እንዳሉ ሆነው። በመጨረሻ «ነጋ!» ሲባል ክፍሉ ይፈርሳል፤ ይፍረስ። ልጆቹ ጎላና ዝግ ያለ ድምፅን፣ ፈጣንና ዘገምተኛ አካሄድን፣ አቀንቃኝና ተቀባይን ተምረው ወጥተዋል፤ ስማቸውን በሚቀጥለው ሳምንት ይነግሯቸዋል።

ክፍሌ ውስጥ 65 ልጆች አሉ፤ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለንም። ምን ይሻላል?

130 እጅና 130 እግር አለዎት። ጭብጨባ፣ የጭን ምት፣ የእግር ምት፣ ጣት ማንጣጣት፣ የጠረጴዛ ኳኳታ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት በእነዚህ ብቻ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ልጆቹ ይሥሩት። ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ምስር ወይም ሽምብራ ሲጨመር ጥሩ መንሿሿ ይወጣዋል። መጠኑ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ከታች አንድ ጣት ያህል ነው የሚበቃው። ልጆች ሲሠሩ እስከ ግማሽ ይሞሉትና ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። አንዱ ቡድን ምስር፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ አሸዋ እንዲያደርግ ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የትኛው እንደተመታ እንዲለዩ ያድርጉ፤ ከዚህ የተሻለ የጆሮ ልምምድ አላውቅም። የአንደኛ ክፍል ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ሽምብራውን አፉ ውስጥ ስለሚከት በሙጫ ወይም በፕላስተር ያሽጉት። በሚስማር የተበሱ ቆርኪዎች በሽቦ ተሰክተው ጸናጽል የሚመስል ድምፅ ይሰጣሉ። የተደፋ ጀሪካን ከበሮ ነው። መብሳቱንና ሽቦውን ግን ትልቅ ሰው ይሥራው።

65ቱን በአንድ ጊዜ አያስጩሁ። ለሦስት ይክፈሏቸው፦ አንደኛው ቡድን ምት ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይዘምራል፣ ሦስተኛው ያዳምጥና የሰማውን ይናገራል። ከዚያ ይቀያየራሉ። መምህራን ብዙ ጊዜ አዳማጩን ቡድን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ትልቁን ለውጥ ያየሁት እሱ ላይ ነው። ጓደኞቹ መሀል ላይ እንደፈጠኑ የሰማ ልጅ ተራው ሲደርስ ራሱ አይፈጥንም።

ምትን ለትንሽ ልጅ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

አያስረዱት፤ ያስረግጡት። ልጆቹ ቆመው ባሉበት ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ እያሉ ይርገጡ። እግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የሚለዋወጠው አፍ ነው።

በአንድ እርምጃ «ሻይ» ይበሉ። አንድ ድምፅ፣ አንድ እርምጃ። ቀጥሎ «ዳቦ» ይበሉ፤ አሁን በአንድ እርምጃ ሁለት ድምፅ ገባ። ደባልቁት፦ ሻይ፣ ሻይ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ይህን አራት ጊዜ ሳያቋርጡ ካሉ በኋላ አፍ ይዘጋና ያንኑ በጭብጨባ ብቻ ይድገሙት። ከዚያ አንዱን «ሻይ» አውጥተው በቦታው ጣት ከንፈር ላይ ማድረግ ያስገቡ፤ እሱ ዕረፍት ነው። እግር ግን በዕረፍቱም ላይ ይረግጣል። እዚህ ላይ ግማሹ ክፍል ይሳሳታል፤ ይሳቃል፤ እንደገና ይጀመራል።

ይህ ሲለመድ «ብርቱካን» ይምጣ። ብር፣ ቱ፣ ካን፦ በአንድ እርምጃ ሦስት ድምፅ። በሁለት እርምጃ «ብርቱካን ብርቱካን» ሲሉ ስድስት ይሆናል። ይህ ነገር እየተደጋገመ ሲሄድ ልጆቹ ትከሻቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ሳያውቁት ችክችካ ውስጥ ገብተዋል። ኖታ የሚያነብ ሰው ስድስት ስምንተኛ ብሎ የሚጽፈው፣ በሰርጋችን ላይ እስክስታ የሚያስወርደው ምት ይኸው ነው። ጀሪካኑን የያዘው ልጅ «ብር» ላይ ብቻ ይምታ፤ ሌላው ሁሉንም ያጨብጭብ። እኔ ይህን ክፍለ ጊዜ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ልጅ ይነሣና ይጨፍራል። አላስቀምጠውም።

በአማርኛ የማይማሩ ልጆች ካሉዎት ቃላቱን በቋንቋቸው ይቀይሯቸው፤ ልጆቹን ቢጠይቋቸው ራሳቸው አንድ፣ ሁለትና ሦስት ድምፅ ያላቸውን የምግብ ስሞች ይደረድሩልዎታል።

ቅኝት ለትንንሽ ልጆች አይከብድም? በዶ ሬ ሚ መጀመር አይሻልም?

ስሙን ማስጠናት ይከብዳል፤ ዜማውን መዝፈን ግን አይከብድም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የምንላቸው አራቱ ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች) እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ልጁ ከእሹሩሩ ጀምሮ አምስት ድምፅ ባላቸው ዜማዎች መሀል ነው ያደገው። ሰባት ድምፅ ያለውን የዶ ሬ ሚ መሰላል በመጀመሪያው ቀን ከሰጡት ፋ እና ሲ ላይ ይንሸራተታል፤ እነዚህ ሁለቱ ከጎረቤታቸው በግማሽ ድምፅ (በትንሿ የድምፅ ርቀት) ብቻ ስለሚለዩ ለልጅ ጆሮ ይጠባሉ።

ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ቀማሪ ዞልታን ኮዳይ (1882–1967 እ.ኤ.አ.) በአገሩ የልጆች የሙዚቃ ትምህርት ላይ የታገለው ለዚህ ነው። የሕዝብ ዜማ ከየገጠሩ እየዞረ ሰብስቦ፣ ልጅ ሙዚቃን እንደ እናት ቋንቋው ከራሱ ሕዝብ ዜማ ይጀምር አለ፤ መጀመሪያም ግማሽ ድምፅ የሌለባቸው የአምስት ድምፅ ዜማዎች ይቅደሙ አለ። እነዚያ አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የእኛ ትዝታ በሜጀሩ (ግማሽ ድምፅ በሌለበት ዓይነቱ) ሲቃኝ የሚሰጠውም እነዚሁኑ ነው። ስለዚህ በትዝታ የጀመረ መምህር የዶ ሬ ሚውንም መሠረት አብሮ እየጣለ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው ይቆዩ። አራተኛ ክፍል ገደማ ሁለት አጫጭር ዜማዎችን፣ አንዱን በትዝታ አንዱን በአምባሰል አሰምተው «ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁ። አንዲት ተማሪዬ «ሁለተኛው መንገዱ ጠመዝማዛ ነው» ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲህ በክፍሌ አምባሰል የምናስተዋውቀው በዚህ ቃል ነው።

አንዳንድ ልጅ ዜማ አይገባውም። ሌሎቹን እንዳያበላሽ ዝም ላሰኘው?

በፍጹም!

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን መዝሙር እየተለማመድን ነበር። መምህራችን በረድፉ መሀል እየዞሩ ጆሯቸውን ወደ እያንዳንዳችን አፍ አስጠጉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙና «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አሉኝ። በበዓሉ ቀን እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታየኝ ነበር፤ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት ድምፄን ያወጣሁት ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መዝሙሩ እንዲያምር ነው የፈለጉት። ግን ለአንድ ቀን ማማር አንድ ልጅ ለዓመታት ከዜማ ተለየ።

ዜማ የሚስተው ልጅ ብዙውን ጊዜ ጆሮው ደኅና ነው፤ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ማንሣትና ማውረድ ገና አልለመደም። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን ያስነዱት። በእጅዎ አየር ላይ ተራራ ይሳሉ፤ ልጁ «ኡ...» እያለ እጅዎን ይከተል፤ እጅ ሲወጣ ድምፅ ይውጣ፣ እጅ ሲወርድ ድምፅ ይውረድ። አምቡላንስ፣ ድመት፣ ከሩቅ የሚጣራ እረኛ ሁሉ ይረዳሉ። ቀጥሎ ልጁን ወደ እርስዎ ድምፅ ከመጎተት ይልቅ እርስዎ ወደ እሱ ይሂዱ። ልጁ ያወጣትን ድምፅ ይያዙና እዚያው ላይ አብረውት ይዘምሩ። ሁለት ድምፅ ሲገጥም በጆሮ ውስጥ የሚሰማ ስምም አለ፤ ልጁ ያችን አንዴ ከቀመሳት ይፈልጋታል። ከዚያ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ይበሉና ይከተልዎት። ጎበዝ ዘማሪ ጓደኛ በቀኝ ጆሮው በኩል ያስቀምጡለት። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ በዓመት ግን ይመጣል።

ቅዱስ ያሬድ ራሱ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ እንደነበር፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አይቶ እንደተመለሰ ነው የሚተረከው። የ6ኛው ክፍለ ዘመን የዜማ አባት «ዝም በል» ተብሎ ቀርቶ ቢሆን ብዬ አስባለሁ።

ልጆቹ ይጮሃሉ እንጂ አይዘምሩም።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው «ድምፃችሁ አይሰማም፣ ጎላ አድርጉ!» የሚለው የእኛው ትእዛዝ ነው። «ጎላ» ለልጅ ጩኸት ማለት ነው፤ ጩኸት ደግሞ ጉሮሮ ያቆስላል። «ለስለስ አድርጋችሁ» ወይም «የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅሱ» ቢሏቸው ወዲያው ይለወጣል።

ሁለተኛው የመነሻው ድምፅ ነው። ወንድ መምህር ለራሱ በሚመቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ልጆቹ እዚያ ድረስ መውረድ ስለማይችሉ ያጉረመርማሉ ወይም ይጮሃሉ። ለትንሽ ልጅ የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ መሀል ላይ ካለው) ቀጥሎ ካለው ሬ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ ላ፣ ሲለምድ እስከ ላይኛው ሬ ያለው ነው። ወንድ ከሆኑ ድምፅዎን ቀጠን አድርገው ያውጡ፤ ካልሆነልዎ ዜማ የምትይዝ አንዲት ልጅ መርጠው እሷ ታውጣ።

አጎራባች ክፍል ያለው መምህር በተደጋጋሚ ቅሬታ ያቀርባል።

እውነቱን ነው። ወደ ዛፍ ሥር ይውጡ። ዝናብ ከሆነ ጭብጨባው በሁለት ጣት በመዳፍ ላይ ይሁን፣ መዝሙሩም በሹክሹክታ። ሒሳብ ፈተና የሚሰጥበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁትና ያንን ቀን የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ ያድርጉት።

ወላጅ መጥቶ «ልጄ ዘፈን እንዲማር አልፈልግም» ቢለኝ ምን ልበል?

በመጀመሪያ ያዳምጡት። በአገራችን ዘፈን፣ መዝሙርና ሙዚቃ የሚሉት ቃላት ክብደታቸው አንድ አይደለም። በብዙ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም ቤተሰብ «ዘፈን» ሲባል የሚታሰበው መሸታ ቤትና ጭፈራ ነው፤ ወላጁ የሚፈራው እሱን ነው። ያንን ፍርሃት መናቅ ልጁን ከሁለት ወገን መሀል መክተት ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ የዓመቱን የመዝሙር ግጥሞች በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ አድርጌ አሳያለሁ። ስለ ፊደል፣ ስለ ቁጥር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ላም ነው። የየትኛውም ሃይማኖት መዝሙር በክፍል ውስጥ አላስተምርም፤ የፍቅር ዘፈንም አላስተምርም። ወላጁ አንዱን ግጥም ካልወደደው ልጁ ያን ጊዜ ምት ይጠብቃል። ከዚህ በኋላም እምቢ ያለኝ ወላጅ ጥቂት ነው።

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» የሚልም አለ። ይህኛው ያሳዝነኛል። አዝማሪ በማሲንቆው ግጥም እየፈጠረ ታሪክ ይዞ የዞረ ባለሙያ ነው፤ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ለልጆቹ ይህንን በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ለወላጁ ግን የምመልሰው አጭር ነው፦ ሒሳብ የሚማረው ሁሉ የሒሳብ ሊቅ አይሆንም፤ ዘምሮ ያደገ ልጅ ግን ሲያነብ ሐረጉ ላይ ያርፋል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ ሰው ፊት ይቆማል።

በስንት ዓመቱ የትኛውን መሣሪያ ይያዝ?

ከበሮና አታሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ክራር ከሦስተኛ ክፍል ገደማ፤ አምስት ወይም ስድስት አውታር ስላለው በትዝታ ተቃኝቶ ከተሰጠው ልጁ የትኛውንም ቢነካ የሚያስቀይም ድምፅ አይወጣም፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ማበረታቻ ነው። የሽቦ አውታር ለስላሳ ጣት ስለሚያሳምም ናይለን ይመረጣል። ዋሽንት በአብዛኛው አራት ቀዳዳ ነው፤ ረጅሙ ለልጅ ጣት ስለሚራራቅ አጭሩን ይፈልጉ፣ አንዱን ዋሽንት ለሁለት ልጅ አያቀባብሉ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል፤ ግን ድምፁን በጣት ፈልጎ ማግኘት የሠለጠነ ጆሮ ስለሚጠይቅ ይቆይ። ዐሥር አውታር ያለው በገና ከባድ ነው፤ ቦታውም ጸሎት ስለሆነ ለዚያው ለሚያስተምሩት እተወዋለሁ።

አንድ ክራር ብቻ መግዛት ከቻሉ ሣጥን ውስጥ አይቆልፉበት። የተሰበረ አውታር ይቀየራል።

መስማት የሚቸገር ልጅ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ውጭ ይቀመጥ?

አይቀመጥ። ከበሮ በእጅም ይሰማል። ልጁ መዳፉን በከበሮው ጎን ላይ ወይም በተደፋው ጀሪካን ላይ ያድርግ፤ ሌላው ሲመታ ንዝረቱ ክንዱ ድረስ ይደርሳል። የእንጨት ወለል ካለ ጫማውን አውልቆ ይቁም። የምት ልምምዱን ሁሉ እግር በማየት ይከተላል፤ አንዳንዱማ ከሌሎቹ በላይ ምቱን ይጠብቃል፣ ምክንያቱም አይሰለችም፣ ዓይኑን አይነቅልም። መሪ አድርገው ፊት ያቁሙት።

ኖታ መቼ ይጀመር?

ዜማው በቃል ከተያዘ በኋላ። ሻይና ዳቦውን በጭረት መጻፍ ከቻሉ፣ ለሻይ አንድ ጭረት፣ ለዳቦ ከላይ የተያያዙ ሁለት ጭረቶች፣ የምቱን ኖታ ጀምረዋል ማለት ነው። ኖታ የሚጻፍበት አምስቱ መስመር እስከ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ቢቆይ አይጎዳም።

ምዘናውን በምን ላድርግ? ርዕሰ መምህሩ ውጤት ይፈልጋል።

በሥራ ይመዝኑ። አንዲት የትንሽ ደብተር ገጽ በቂ ናት፤ በየሳምንቱ ስድስት ወይም ሰባት ልጅ ብቻ ይመልከቱ፦ ምት ይጠብቃል? ዜማ ይደግማል? ሲዘመር ያዳምጣል? አዲስ ነገር ይፈጥራል? በወሰነ ትምህርቱ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ልጁ መሻሻሉን ይመዝኑ፤ ከጓደኛው ጋር አያወዳድሩት። ብቻውን ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንዲዘምር አያስገድዱ፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይቁም፣ የእርስዎ ጆሮ ይለየዋል።

ስልክና ስፒከር ብጠቀምስ?

ለማሰማት ጥሩ ነው፤ የዋሽንትን ድምፅ በአካል ማምጣት ካልቻሉ በስልክ ያሰሙ። አብሮ ለማዘመር ግን አልመክርም። የተቀዳው ሙዚቃ ልጆቹን አይጠብቅም፣ ድምፃቸውንም ይሸፍነዋል፤ መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል።

ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እናስተምራለን። ሙዚቃውን እንዴት እናስገባው?

ከፊደል ገበታው በፊት ያስገቡት። እነዚህ ልጆች የሚቸገሩት ጠብቆና ላልቶ በሚነበበው ላይ ነው፤ «ገና» ጠብቆ በዓሉ፣ ላልቶ ደግሞ «ገና ነው» የምንለው ይሆናል። በምት ሲባል ጥብቀቱ በጭብጨባው ላይ ስለሚያርፍ እጃቸው ይይዘዋል። ቸ እና ጨ፣ ተ እና ጠም እንዲሁ በአቀንቃኝና ተቀባይ ሲመላለስ ምላስ ይፈታል።

ዜማውን ደግሞ ከቪዲዮ ከማውጣት በፊት አያትን ይጠይቁ። አንዲት እናት አዲስ አበባ ያሉትን እናቷን በስልክ እሹሩሩ አስብላ ቀድታ ልካልኝ ነበር። ቅጂው ውስጥ ከዜማው ጋር የጀበና መንተክተክና የጎረቤት ዶሮ ይሰማል። ልጆቹ ዶሮው የሚገባበትን ቦታ ሳይቀር ይዘውታል፤ እዚያ ጋ ሲደርሱ አንዱ ተነሥቶ ይጮሃል፣ ከዚያ ሁሉም «እሹሩሩ» ብለው ይቀጥላሉ።